ዘሃራ ከነአራት ስሟ

ዘሃራ ከሐረር መልቀቋን የነገረኝ የሚኒባስ ሹፌር ነው። በየጠዋቱ ከፈረስ መጋላ ወደ ድሬ ጠያራ የሚወስደን፣ ከስማችን ይልቅ መቀመጫችንን የሚያውቅ ሰው ነው። ሰኞ ዕለት በመስታወቱ ወደ ኋላ አየና ጓደኛሽ እኮ ቅዳሜ ዕቃዋን ጭና ጂግጂጋ ገባች፣ ኮሌጅ ሥራ አግኝታ ነው አሉ፣ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ስደርስ ማንን ብጠይቅ ተሰናብታዋለች፤ ዳይሬክተሩን፣ ጥበቃውን፣ በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠውን ሴት ሳይቀር። በአንድ ሰፈር አድገን፣ በአንድ ሚኒባስ አስራ ሁለት ዓመት ተመላልሰን፣ ለእኔ ብቻ ምንም አላለችም።

ሰው ስለማይረሳው ሰው ሲጽፍ የሚወደውን ይመርጣል። እኔ የመረጥኩት የቀናሁባትን ነው። ከወደድኳቸው ሰዎች ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ እሷን ግን መርሳት አልሆነልኝም።

ቅናቱ የቆየ ነው። ጁገል ውስጥ ቤታችን በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ነበር፤ ክፍላችንም አንድ። እኔ አንደኛ እወጣለሁ፣ እሷ ሦስተኛ ወይ አራተኛ። ታዲያ እናቴ ካርዴን አይታ ስታበቃ የምትጠይቀኝ “ዘሃራስ?” ብላ ነው። ስነግራት “ማሻአላህ፣ አባቷን እያገዘች” ትላለች። የእኔ አንደኝነት ማሻአላህ የሚባልለት ነገር አልነበረም። አባቷ ኪታብ ጠራዥ ነበሩ፤ ያንን ሙያ ከያዙት ጥቂት የጁገል ሰዎች አንዱ። እሷ ክሩን በሰም ትቀባላቸው፣ ገጾቹን በተራ ትደረድርላቸው ነበር። ወረቀት ሲሰጧት መጀመሪያ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳብሳ ከዚያ ነው የምታነብበው። ያንን ልማድ እስከ መጨረሻው አልተወችም።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ስንፈተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ያመጣችው ግን እሷ ሆነች። እኔ አንደኛዋ ቀረሁ። የፈተናው ቀን አሞኝ ነው ብዬ አወራሁ፤ አላመመኝም። መምህራን ኮሌጅ ገባሁ። እሷ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች አባቷ ሞቱ፣ ወንድሞቿ ደግሞ ትናንሽ ነበሩ፤ ትምህርቷን አቋርጣ መጣች። ለቅሶ ቤት አቅፌያት አልቅሻለሁ፤ ያለቀስኩት እውነት ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሆዴ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

እሷም መምህራን ኮሌጅ ገባችና ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ ድሬ ጠያራ ተመደበች። ደርሳ ሳትጨርስ ተማሪዎቹ ወደዷት። ከልጆቹ ጋር ኦሮምኛቸውን ታወራለች፤ የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። አማርኛ የምታስተምረው እሷ ነበረች፣ እኔ ሂሳብ። ቁመቷ አጭር፣ አረማመዷ ሁልጊዜ የቸኮለ ነው። እርሳሷን በሻሿ ሥር ጆሮዋ ላይ ትሰካና ስትፈልጋት ዴስኩን ሁሉ ታምሳለች። እኔ አይቻት ዝም እላለሁ።

መማሯን ግን አላቆመችም። ከሥራ በኋላ ቴክኒክ ኮሌጅ እየሄደች የሂሳብ አያያዝ እስከ ደረጃ አራት ተማረች፣ የብቃት ምዘናውንም አለፈች። ከዚያ በርቀት ትምህርት አስራ አንድ ኮርስ ወሰደች፤ ኮሌጁ ሐረር የነበረውን ማስተባበሪያ ሲዘጋ ያም ቀረ። የስታፍ ሰው “የአራት ኮሌጅ ሙሽራ” እያለ ይስቅባት ነበር። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ምን ላድርግ አቦ፣ ሁሉም መህሬን ከፍሎ ነው የፈታኝ፣ ትላለች።

መህር፣ የኒካሕ ጥሎሽ፣ የምትለው ወረቀቷን ነው። እኛ ፈተና ተፈትነን የኮርስ አውትላይኑን ለሱቅ ስኳር መጠቅለያ ስንሰጥ እሷ አንዱንም አትጥልም። የአራቱን ቦታ አውትላይን ኮፒ በተራ ደርድራ፣ አባቷ ኪታብ በሚሰፉበት ስፌት ሰፍታ፣ ጀርባውን ቆዳ አልብሳ አንድ ጥራዝ አድርጋው ነበር። ሲያዩት የፊቅህ ኪታብ ይመስላል፤ ሲገልጡት ስለ ደረሰኝ አቆራረጥ ያወራል። ይህንንም እየሳቅን ተቀባበልነው።

አንድ ቀን ዳይሬክተራችን ጋሽ ተሾመ ሁለታችንን ቢሯቸው ጠሩን። ምክትላቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ጡረታ ይወጣሉ። ቦታውን የቤታችን ሰው ቢይዘው ደስ ይላቸዋል፤ ግን በትምህርት አመራር ዲግሪ የሌለው አይሾምም። ሁለታችሁም ጀምሩ፣ አላህ ያለው ይይዘዋል፣ አሉን። ጋሽ ተሾመ ክርስቲያን ናቸው፤ እኛን ሲያናግሩ አላህ ይላሉ። ዘሃራ አመስግና ወጣች። እኔ ግን የሰማሁት ከሁለት አንድ የሚለውን ብቻ ነው።

ኮሌጅ መምረጥ ተጀመረ። ለሥራ ሰው ቅዳሜና እሁድ የሚያስተምሩ ሦስት ነበሩ። ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ክሬዲቱ በስንት ነው? ዘሃራ እሱን መጨረሻ ላይ ነው የምትጠይቀው። መጀመሪያ ጥራዟን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና ከዚህ ውስጥ ስንቱን ትቀበሉኛላችሁ ትላለች። ቀጥላ በጽሑፍ ስጡኝ ትላለች። ቀጥላ ስምህን ማን ልበል ብላ ትጽፋለች። አብሬያት ዞሬ በኀፍረት ላብ አጥምቆኛል።

የመጀመሪያው ኮሌጅ ሰውዬ ፈገግታው ብዙ ነበር። ችግር የለም እንቀበላለን አለ፤ በጽሑፍ ስትለው ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። ሁለተኛው አዲሱ ከተማ ውስጥ ያለው፣ ለመምህራን ልዩ ቅናሽ የሚል ትልቅ ማስታወቂያ የሰቀለው ነው፤ እዚያ የሌላ ቤት ትምህርት ጨርሶ አይቆጠርም፣ ሁሉም ከአንድ ይጀምራል። ሦስተኛው ዋናው ድሬዳዋ ሆኖ ሐረር ቅርንጫፍ የከፈተ ነው። ሬጅስትራሯ ሴትዮ ጥራዙን ተቀብላ ጀርባውን ዳበሰችው። ዘሃራ ወዲያው ወደደቻት።

እዚያ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጥን። የኮርሱ ስም ባይመሳሰልም ይዘቱ ከተቀራረበ ይቀበላሉ። ዘሃራ ማስመሪያዋን አውጥታ የእነሱን አውትላይን በአንድ በኩል፣ የራሷን በሌላ በኩል አድርጋ መስመር በመስመር ታስተያይ ጀመር። የቴክኒክ ኮሌጁ የሂሳብ አያያዝ የትምህርት ፋይናንስ ከሚባለው ኮርስ ገሚሱን ይሸፍናል፤ ከርቀት ትምህርቱ ሁለት ሲጨመርበት ይሞላል። ሴትዮዋ አንዳንዱን ትከራከራለች፣ ዘሃራ ገጹን ገልጣ ታሳያታለች። በመጨረሻ ወረቀቶችሽ ከተስተካከሉ የሚቀርሽ የሁለት ዓመት ነው አለቻት፤ በጽሑፍም ሰጠቻት። የክሬዲቱ ዋጋ ግን ከሦስቱም ውድ ነበር። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ይህንኑ አንስቼ ሳቅኩባት።

“አቦ ፈቲያ፣ ርካሽ ማለት የማይደገም ነው” አለችኝ። “ያለፍኩትን ድጋሚ ልክፈልበት እንዴ?”

እልኸኛ ነኝና ከሁሉ ርካሹ ጋ ተመዘገብኩ። ከዲፕሎማዬ አንዲት ኮርስ አልወሰዱልኝም፤ አራት ዓመት። የእኔ ንጹሕ ነው፣ ከአንድ ቤት ተጀምሮ በአንድ ቤት ያልቃል፣ እያልኩ አወራሁ። ሆዴ ግን ሂሳቡን ሠርቶታል። ምክትሉ በሁለት ዓመት ይወጣሉ፤ ያኔ እሷ ዲግሪዋን ትይዛለች፤ እኔ ሁለተኛ ዓመት እሆናለሁ። ያቺ የሳቅኩባት ቁርጥራጭ ትምህርት ተሰፍታ ልትቀድመኝ ነው። እሷን ሳይ ፈገግ እላለሁ፣ ዞር ስትል የሚቀራትን ዓመት በጣቴ እቆጥራለሁ።

ከዚያ የስሙ ጉዳይ መጣ።

ቤተሰቧ የሚጠራት ዙህራ ብሎ ነው። አንደኛ ክፍል የመዘገቧት መምህር ዘሃራ ብለው ጻፏት፤ ዲፕሎማዋም በዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ፊደል የመዘገበው ሲነበብ ዛህራ ሆነ። ቴክኒክ ኮሌጅ ስትመዘገብ ስምሽ ማነው ቢሏት እንደ ቤቷ ዙህራ አለች። የርቀቱን ፎርም ያስገባላት ወንድሟ ነበር፤ ስሟን በቃሉ ሲነግራቸው ጸሐፊው እንደለመደው ዞህራ አብዲ ብሎ ጻፈ። የአባቷ ስም አብዱልዋሲዕ ነው። ያኔ ስታየው አባቴን አቆላምጠውልኛል ብላ ስቃ አለፈችው። አሁን ግን ሬጅስትራሯ አራቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ቀበሌሽ በሦስት ምስክር አረጋግጦ ይጻፍልኝ አለች። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።

ምስክር ያደረገችው ጋሽ ተሾመን፣ የሰፈራችንን ትልቅ ሰው ሐጂ ኢብራሂምን እና እኔን ነው። ሚኒባስ ውስጥ ነው የጠየቀችኝ። እንቢ የምልበት ምክንያት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጊዜ የለኝም ልል አፌን ስከፍት ቀድማ ተናገረች።

“አንቺ ካልመሰከርሽልኝ ማን ያውቀኛል?”

ማክሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄድን። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ወጣት፣ ሥራውን አክባሪ ሰው ነበር፤ ሦስታችንን ተራ በተራ እያስገባ ቃላችንን ይጽፋል። እኔ መጨረሻ ገባሁ። ከመቼ ጀምሮ ታውቂያታለሽ አለኝ፤ ከልጅነቴ አልኩት። ዘሃራ፣ ዛህራ፣ ዙህራ፣ ዞህራ የሚባሉት እሷ ናት ወይ አለኝ፤ ናት አልኩት። ይህን ሁሉ እውነት ነው የመለስኩት። ከዚያ ቀና እንኳ ሳይል፣ በሰፈሩ ከእነዚህ ስሞች በአንዱ የሚጠራ ሌላ ሰው ታውቂያለሽ ሲል ጠየቀኝ።

“አለች” አልኩት። “ዞህራ አብዲ የምትባል። ከእኛ ቤት ሦስት በር ወዲያ።”

ውሸት አይደለም። ዞህራ አብዲ የሚባሉ ሴት ከእኛ ቤት ሦስት በር ወዲያ አሉ። ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል። ሰፈሩ የአህመድ እናት እያለ ስለሚጠራቸው የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ለዚህ ነው ሐጂ ኢብራሂምም ያላነሷቸው። እኔ የማውቀው መታወቂያ ሲያወጡ ፎርሙን ስለሞላሁላቸው ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። መፈረም ስለማይችሉ ጣታቸውን ቀለም ነክሬ ያስፈረምኳቸው በራሴ እጅ ነው። በሕይወቴ እርስዎ እንጂ አንቺ ብያቸው አላውቅም። ያን ቀን ግን አሉ ማለት ሲገባኝ አለች አልኩ። አሉ ብል ሰውዬው ትልቅ ሰው ናቸው እንዴ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። አለች ስለው የእኛ እኩያ፣ የተማረች፣ ወረቀቱ የእሷ ሊሆን የሚችል ሴት ታየችው። ይህን አስቤ ነው የተናገርኩት ወይስ አፌ ቀድሞኝ ነው? ለብዙ ጊዜ አፌ ነው ስል ኖሬያለሁ። አስቤ ነው።

ሰውዬው ቀና አለ። ብዕሩን ሰጠኝ፣ ፈረምኩ፤ ፊርማዬን አሳምሬ።

ደብዳቤው ከሰዓት ወጣ። ሦስቱ ስሞች የአንዲት ሰው መሆናቸው ተረጋግጧል። አራተኛውን በሚመለከት ግን፣ ከምስክሮቹ አንዷ በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ግለሰብ በሰፈሩ መኖሯን ስለገለጸች፣ የተባለችው ግለሰብ በአካል ቀርባ እስክትጣራ ድረስ ተይዟል፣ ይላል። ዘሃራ ደረጃው ላይ ቆማ የወረቀቱን ጠርዝ ዳበሰች፣ ከዚያ አነበበች። ሦስት ምስክር ነበር፤ ሁለቱ ወንዶች። እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች። አንዷ የሚለው ላይ ቆመች፣ ስለገለጸች የሚለው ላይ ቆመች። የአማርኛ አስተማሪ ናት። ሐጂ ኢብራሂም ከዘራቸውን ተደግፈው ምን ይላል ልጄ አሏት። አንዱ ስም ቀረ ሐጂ፣ ለኸይር ነው፣ አለቻቸውና የሦስታችንንም የታክሲ ከፈለች።

የአህመድ እናት ያን ሰሞን ልጃቸው ወልዳ ባቢሌ ነበሩ። ይህንንም አውቅ ነበር። ዘሃራ ረቡዕ ሰፈሩን በር ለበር ጠይቃ ደረሰችባቸውና ሐሙስ ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ ባቢሌ ድረስ ሄደች፤ ወደ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል ብለዋት ተመለሰች። ዓርብ በሦስቱ ስም ተመዘገበች። አስራ አንዱ ኮርስ ቀለጠ፤ ሁለት ዓመቷ ሦስት ሆነ።

ሰኞ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። አሰላሙ አለይኩም አለች፣ መለስኩ። ስለ ደብዳቤው ትጠይቀኛለች ብዬ እስከ ድሬ ጠያራ መልስ ሳዘጋጅ ሄድኩ። ስለ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የእጅ ጽሕፈት አወራችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እንዲያ ሆነን ከረምን። አንድ ጊዜ ስታፍ ውስጥ አንዱ መምህር ያን ሁሉ ኮርስ እንደገና መማርሽ የምቀኛ ሥራ ነው ሲላት፣ ምቀኛ አታሳጣኝ እኮ ነው የሚባለው፣ አለችና ሻይዋን ቀጠለች። ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይቀልለኝ ነበር።

ያለፈችውን ትምህርት ስትደግም የሚያስተምራት ልጅ ከእሷ ያነሰ የሚያውቅበት ጊዜ ነበር። እጇን አውጥታ ትጠይቀዋለች እንጂ አታርመውም አሉ። ይህን የነገረችኝ አብራት የምትማር ሴት ናት፤ ስትነግረኝ በአድናቆት ነው። እኔ በዚህም ቀናሁ። እኔ ብሆን ልጁን በሰው ፊት አፍር አበላው ነበርና።

ሁለቱ ዓመት ሞላ፣ ምክትሉ ጡረታ ወጡ። ዘሃራ አንድ ዓመት ቀራት። ቢሮው ከሌላ ወረዳ ዲግሪ ያለው ሰው አምጥቶ ሾመ። ጋሽ ተሾመ ሲነግሩን ያዘኑት በእሷ ነው። እሷም ያን ዕለት ብቻ ክፍል ሳትገባ ቀረች፤ ራሴን አሞኛል አለች። ቦታውን እሷም አላገኘችው፣ እኔም አላገኘሁት። ቅናቴ ያተረፈልኝ ይህንን ነው፤ የማላውቀው ሰው አለቃዬ ሆነ።

በሦስተኛው ዓመት እሷ ተመረቀች። በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የእኔ ርካሽ ኮሌጅ ፕሮግራሙን ከሐረር አነሳ። ተማሪዎች ክሬዲታቸውን ይዘው ሌላ ቦታ መሄድ ይችላሉ የሚል ወረቀት በር ላይ ለጠፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አውትላይን ያላስቀመጥኩ ሴት ምን ይዤ እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ሌሎቹ መምህራን ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ዘሃራ ጎረፉ። በእረፍት ሰዓት የስታፍ ጠረጴዛ ጥግ ማስመሪያዋን ይዛ ትቀመጣለች፤ ይሰለፋሉ። የማንን ኮርስ የትኛው ኮሌጅ እንደሚቀበል፣ ማን ማንን በስሙ መጠየቅ እንዳለበት ጽፋ ትሰጣቸዋለች። እኔ ብቻ አልሄድኩም። በየትኛው ፊቴ።

አንድ ሳምንት አየችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሚኒባሱ ሊቆም ሲል ወረቀትሽን ነገ አምጪ አለችኝ። አመጣሁ። የጎደለኝን አውትላይን አብረውኝ ከተማሩት ከአንዱ ከሌላው ለቅማ አሟላችው። ሦስት ቀን ሠራችበት። እኔ እንኳ የረሳሁትን የድሮ የዲፕሎማ ኮርሴን ሳይቀር አንድ በአንድ ከእሷ ኮሌጅ ኮርስ ጋር አስተያየችው። ሰኔ ነበር፣ ተማሪዎች ፈተና ላይ ናቸው፣ ስታፍ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በዚያ በሚያምር ጽሕፈቷ የጻፈችውን ዝርዝር ወደ እኔ ገፋችው። ሃያ ሁለት ኮርስ። የሚቀረኝ አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ዝርዝሩን ማንሳት አቃተኝ። “ዘሃራ፣ ያኔ ቀበሌ…” ብዬ ጀመርኩ።

“ቃልሽን በጽሑፍ ጠይቄ አንብቤዋለሁ” አለችኝ። ድምጿ ለተማሪ እርማት ስትሰጥ እንደምትናገረው ነበር። “‘አለች’ ነው ያልሻቸው። ‘አሉ’ ብትይ ኖሮ ስንት ዓመታቸው ነው ብለው ይጠይቁሽ ነበር።”

ይህን ያህል ዓመት አፌ ነው ስል የኖርኩትን እሷ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታውቀው ነበር። ከፊደሉ አንብባዋለች። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ። እንባዬ ዝርዝሩ ላይ እንዳይወርድ ወረቀቱን ሳብ አደረገችው።

“አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ” አልኳት።

“እሱን ለአላህ ትቼዋለሁ” አለች። “ይሄን ግን ማክሰኞ ሳያልፍ አስገቢ። ማክሰኞ ይዘጋል።”

ደወል ተደወለ። ማስመሪያዋን አነሳች፣ የፈተና ወረቀቶቿን በክንዷ ሥር አድርጋ ወጣች። ብትሰድበኝ፣ ሰፈር ብትጠራብኝ፣ እናቴ ፊት ብታቆመኝ የምመልሰው አላጣም ነበር፤ ለክርክር ማን ብሎኝ። እሷ ግን አልተጣላችኝም። ይቅርም አላለችኝም። ሥራዬን ሠርታልኝ ሄደች። ከዲግሪዋም ከልጆቹ ፍቅርም ይልቅ የቀናሁባት በዚህ ነው፤ እንዲህ ማድረግ የሚችል ሰው አጠገቤ እንደነበረ ማሰቡ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላም ሰላምታዋን አላጎደለችብኝም። በዓመቱ ስመረቅ መብሩክ ብላኛለች፣ ልጄ ሲታመም ሆስፒታል ድረስ መጥታለች። ስለዚያ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳችም። እኔም ሁለተኛ አልለመንኳት፤ ሁለት ጊዜ ለመለመን ኩራቴ አልፈቀደልኝም፣ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ፣ እያልኩ አንድ መቀመጫ ላይ ስንት ጠዋት አለፈ።

ያን ዝርዝር ማክሰኞን አልጠበቅኩበትም፤ ሰኞ አስገባሁት። ከሃያ ሁለቱ ሃያ አንዱን ተቀበሉኝ። አፉ ግን ሳትለኝ ሄደች።